አጋጣሚና መግቦት፤ ያልታሰበ ነገር በ«ጦቢያ» እና በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

በአማርኛ ልቦለዶች ላይ ከሚሰነዘሩት ሂሶች መካከል የ«አጋጣሚ»ን ያህል የተደጋገመ ያለ አይመስልም። ሴራው በአጋጣሚ የተሞላ ነው፤ ክስተቶቹ በምክንያትና በውጤት አልተሳሰሩም፤ ደራሲው ገጸባሕርያቱን ከጭንቅ ማውጣት ሲቸግረው ካልታሰበ ቦታ ደራሽ ይልክላቸዋል። ይህ አስተያየት በተለይ ቀደምት ድርሰቶችን በሚመለከቱ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ እየተዘወተረ ከመሄዱ የተነሣ ማስረጃ የማይጠየቅበት ብይን ሆኗል። ተማሪው ድንገተኛ የሆኑትን ክስተቶች ይቆጥራል፤ ቁጥሩ በዛ ብሎ ይፈርዳል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ንዑስ ርእስ ያልፋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ብይኑ ሁልጊዜ ስሕተት ነው አይልም። የሚከራከረው ከብይኑ በፊት መቅደም ያለበት ጥያቄ እየታለፈ ነው በማለት ነው። ያልታሰበ ነገር በሰው ኑሮ ውስጥ ጣልቃ ሲገባ የድርሰቱ ዓለም ያንን ነገር ምን ብሎ ይጠራዋል? እኛ «አጋጣሚ» ያልነውን ተራኪውና ገጸባሕርያቱ፣ ድርሰቱ በታተመበት ዘመን የነበረው አንባቢም ጭምር፣ በሌላ ስም ያውቁት ይሆናል። የክርስትና ትምህርት ፈጣሪ የፈጠረውን ዓለም ሳይተው የሚጠብቅበትንና የሚመራበትን ሥራ «መግቦት» ይለዋል። በመግቦት የሚያምን አንባቢ አጋጣሚ የሚባል ነገር የለም ማለቱ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያልታሰበው ነገር ከየት እንደመጣ ብቻ ሳይሆን ምን ሊጠይቀው እንደመጣም ያስባል። ስለሆነም በ1900 ዓ.ም. የታተመውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ጦቢያ» እና በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዚህ አንጻር ጎን ለጎን ማየቱ ይጠቅማል።

አማርኛ በዚህ ረገድ የቃል ድኻ አይደለም። ድንገት፣ አጋጣሚ፣ ዕድል፣ ዕጣ፣ ፈተና፣ መቅሠፍት እንላለን፤ እያንዳንዱ ቃል ስለ ምክንያት የራሱ አሳብ አለው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው «መቅሠፍት ነው» ካለ በዳይና ዳኛ እንዳሉ አምኗል፤ «ፈተና ነው» ካለ ያለ በደልም መከራ ሊመጣ እንደሚችል ተቀብሏል፤ «ዕድሌ ነው» ያለ ግን የሁለቱንም ክርክር ትቶታል። ከሁሉም ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው «እንግዳ» የሚለው ቃል ነው። እንግዳ ቤታችን የሚመጣው ሰው ነው፤ እንግዳ ነገር ደግሞ ከዚህ በፊት ያላየነው፣ የማናውቀው ነገር ነው። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ የሚቆመው መንገደኛ ሁለቱንም ፍቺ ይዞ ይመጣል። ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ እንዲመጣ የጠራው የለም፤ እራት ይካፈላል፣ መኝታ ያጣብባል፤ ቢሆንም «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። ከዚህ አቀባበል በስተጀርባ የዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ታሪክ አለ። አብርሃም በቀትር በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዎች ቆመው አየ፤ ሮጦ ተቀበላቸው፤ እነማን እንደሆኑ ያወቀው ካስተናገዳቸው በኋላ ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውስጥ ይህ ታሪክ ዘወትር የሚታይ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ መስተንግዶው ከትርጓሜው ቀድሟል።

የቀድሞው አንባቢ ይህን ዐይነት አተራረክ የለመደው ከልቦለድ ሳይሆን ከተአምርና ከገድል ነው። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት የተመለሰው «ተአምረ ማርያም» በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ የሰማ ሰው የሴራ ትምህርቱን ከዚያው ቀስሟል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለምሳሌ 78 ሰው የበላውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንውሰድ። ይህ ሰው መንገድ ላይ በውሃ ጥም የተያዘ ድውይ ያገኛል፤ ድውዩ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል፤ በፍርድ ጊዜም ያች ጥርኝ ውሃ ሚዛን ትደፋለች። በእኛ የሂስ መለኪያ ከሄድን የድውዩ በዚያ መንገድ ላይ መገኘት «ያልተዘጋጀ አጋጣሚ» ነው፤ ንግር የለውም፤ ከቀደሙት ክስተቶች አይመነጭም። የታሪኩ ኃይል ግን ከዚሁ ካለመዘጋጀት የሚመጣ ነው። ድውዩ ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ጥርኟ ውሃ የተሰላች ምጽዋት በሆነች ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ ማለት ያስፈልጋል። የአጋጣሚን ሂስ ከአርስጣጣሊስ የተቀበልን ይመስለን ይሆናል። እሱ ግን «ፖየቲክስ» በተባለው ድርሰቱ ውስጥ የሚቲስን ሐውልት ታሪክ ያነሣል። በአርጎስ ከተማ የነበረው የሚቲስ ሐውልት ሚቲስን የገደለው ሰው ትርኢት ሲመለከት ሳለ ወድቆ ገደለው። አርስጣጣሊስ ይህን የሚጠቅሰው ለነቀፋ ሳይሆን ድንገተኛ ነገር እንኳ ዓላማ ያለው ሲመስል የበለጠ እንደሚያስደንቅ ለማስረዳት ነው። ስለዚህ በመምህሩ ስም የምንፈርደው ፍርድ ከመምህሩ ይልቅ የጠበቀ ነው።

ወደ «ጦቢያ» እንመለስ። መጽሐፉ ሮም ላይ ሲታተም ይዞት የወጣው ርእስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል እንደነበርና በኋላም ቃሉ የዘርፉ ሁሉ መጠሪያ እንደሆነ የታወቀ ነው። ታሪኩ የሚነሣው ከጦርነት ሽንፈት ነው። የክርስቲያኑ ወገን የጦር አለቃ ይማረካል፤ መንትዮቹ ልጆቹ ዋሕድና ጦቢያ የቤተሰቡን መከራ ይወርሳሉ፤ ስሙ ያልታወቀ ባለጸጋ ነጋዴ ለቤዛ የሚሆን ገንዘብ ሰጥቶ ይሰወራል፤ ዋሕድ ውለታ ለመመለስ ወጥቶ በባርያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትሄዳለች። በመጨረሻ የተለያዩት ይገናኛሉ፤ አረመኔው ንጉሥ ክርስትናን ይቀበላል፤ ጦቢያንም ያገባል።

በዚህ ሴራ ውስጥ ድንገተኛ የሆነው ሁሉ አንድ ዐይነት ነው ብሎ መቁጠር ትልቅ መሳት ነው። ነጋዴው በእርግጥ እንግዳ ነው፤ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ስሙን አይሰጥም። የዋሕድ መሸጥ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ዋሕድ በባርያ ፈንጋዮች እጅ የወደቀው ቤቱ አርፎ መቀመጥ ስላልቻለ፣ ማለትም የተቀበለው በጎነት ዕዳ ስለሆነበት ነው። ይህ ከገጸባሕርይ የመነጨ ድርጊት ነው፤ ምክንያትና ውጤትን የሚፈልግ ሐያሲ ከዚህ የተሻለ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ከዚህም በላይ አፈወርቅ እዚህ ላይ ቀላል የማይባል ነገር አድርገዋል። በጎ ሥራ በጎ ዋጋ ያስገኛል ብሎ ለሚጠብቅ አንባቢ በጎነት ራሱ ወደ ባርነት የሚያደርስ መንገድ ሲሆን አሳይተዋል። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ አማርኛ ልቦለድ ከመነሻው ከባድ ጥያቄ ይዞ በተወለደ ነበር።

ነገር ግን አይቆምም። ሁሉም ነገር ይከፈላል፤ የጠፋው ይገኛል፤ የተሸጠው ይመለሳል፤ ጠላት አማኝ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት የ«ጦቢያ» ድካም አጋጣሚ መብዛቱ ሳይሆን ፍጻሜው የመካከሉን ስቃይ ዋጋ ማሳጣቱ ነው። መግቦት እዚህ ከመጨረሻው ገጽ ወደ ኋላ እየተነበበ የሚገኝ ሒሳብ ሆኗል። ዋሕድ በታሰረበት ጊዜ የነበረው ጨለማ «ለበጎ ነበር» በሚል አንድ ቃል ይዘጋል። በጎረቤት ለቅሶ ላይ «ሁሉ ለበጎ ነው» የሚል ሰው አጋጥሞን ያውቃል፤ ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የተነገረበት ሰዓት ግን እውነቱን ጨካኝ ያደርገዋል።

ለንጽጽር ያህል ከማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 አንድ ታሪክ ብናስታውስ ጉዳዩ ይበልጥ ይገለጣል። የምኩራብ አለቃው ኢያኢሮስ ልጁ በሞት አፋፍ ላይ ሆና ጌታን ወደ ቤቱ ይዞት ሲሄድ 12 ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረች ሴት መንገድ ላይ ልብሱን ትዳስሳለች። ጌታ ይቆማል፤ ማን እንደዳሰሰው ይጠይቃል፤ ሴቲቱ ታሪኳን ሁሉ ትናገራለች። እሷ ስትናገር የኢያኢሮስ ልጅ ትሞታለች። የሴቲቱ መዳን ለኢያኢሮስ መዘግየት ነው፤ የሷ ምሕረት የሱ መርዶ ነው። ልጅቱ በኋላ ብትነሣም ወንጌላዊው ያንን የመቆም ጊዜ ከታሪኩ አላወጣውም፤ አላሳጠረውምም። ያልታሰበው ነገር አንዱን ሲጠቅም ሌላውን ዋጋ አስከፍሏል፤ ተራኪውም ሁለቱን ጎን ለጎን ትቷቸዋል። ታላቅ ትረካ የሚለካው በዚህ ይመስላል።

በ«ጦቢያ» እና በ«ፍቅር እስከ መቃብር» መካከል ባሉት ዓመታት ብዙ ተጽፏል። የኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ» ምሳሌያዊ ድርሰት በመሆኑ ያልታሰበ ነገር የሚገባበት በር የለውም፤ መንገድ ላይ የሚያጋጥመው ሁሉ ትርጉሙ አስቀድሞ የታወቀ ነው። «አዲስ ዓለም» የተሻለ ያሳስባል። ከውጭ አገር ተምሮ የተመለሰው አወቀ የአባቱ ሞት ሲደርስበት ወገኑ ለዚያ ሞት የተዘጋጀ መልስ አለው፤ ተዝካር። አወቀ መልሱን አይቀበልም፤ እምነቱን ግን አይጥልም። ይህ ራሱን የቻለ ጥናት የሚሻ ስለሆነ እዚህ ላይ እናቆየው።

በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያልታሰበው ነገር ገና ከዋናው ገጸባሕርይ ሕፃንነት ይጀምራል። የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ይታመማል፤ እናቱ ልጇ ቢድንላት ለእግዚአብሔር ልትሰጠው ትሳላለች፤ በዛብህም ሳያውቀው ትዳር የማይፈቀድለት ብፅዓት ሆኖ ያድጋል። ስለዚህ የልቦለዱ የመጀመሪያ ድንገተኛ ነገር በሽታ ነው፤ ለሱ የተሰጠው መልስ ደግሞ ስለት ነው። ውድነሽን መውቀስ ቀላል ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ብዕር ግን ይህን አያደርግም፤ ሕፃናት እንደ ቅጠል በሚረግፉበት ዘመን የኖረች እናት ከአምላኳ ጋር ለመነጋገር የነበራት ቋንቋ ይኸው ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ ሁለት የታወቁ ስለቶች አሉት። አንደኛው በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 የተነገረው የሐና ስለት ነው፤ ልጇ ሳሙኤል ለቤተ መቅደስ ተሰጥቶ ነቢይ ሆነ። ሁለተኛው በመሳፍንት ምዕራፍ 11 ያለው የዮፍታሔ ስለት ነው፤ ከድል ሲመለስ ከቤቱ በር ሊቀበለው የሚወጣውን እንደሚሠዋ ተሳለ፤ የወጣችው አንዲት ልጁ ሆነች። ውድነሽ የተሳለችው እንደ ሐና ነው፤ በዛብህ የኖረው ግን እንደ ዮፍታሔ ልጅ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የልቦለዱ ሥቃይ ምንጭ ነው ማለት ይቻላል። ስለት ያልታሰበውን ነገር ለማጠር የሚደረግ ውል ነው፤ «ይህን ካደረግህልኝ ያንን አደርግልሃለሁ» ይላል። የውሉ ችግር ሌላ ያልታሰበ ነገር ሲመጣ ቦታ የሌለው መሆኑ ነው።

ሌላው ያልታሰበ ነገር ደግሞ መጣ፤ ፍቅር። በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነው፤ ማለትም ለፊደል የመጣ እንግዳ ነው። ፊታውራሪው ለልጃቸው በዘር የሚመጥን ባል ሲመርጡ ዕድሜዋን ያሳለፉ ሰው መሆናቸው ይታወሳል። ሁሉን ሰው በትውልድ ሐረጉ መዝነው የሚያስገቡና የሚመልሱ ጌታ የድኻ ልጅ የሆነውን መምህር ያለ ሚዛን አስገቡት፤ ምክንያቱም በሳቸው ዐይን መምህር ለጋብቻ የሚቆጠር ሰው አልነበረም። እዚህ ላይ የደራሲው የሴራ አያያዝ እጅግ ብልህ ነው። ለቤቱ ሰዎች ፍቅሩ ዱብ ዕዳ ነው፤ ለአንባቢ ግን ከፊታውራሪው ትዕቢት በቀጥታ የሚመነጭ ውጤት ነው። ያው ክስተት ከውስጥ ሲታይ ድንገተኛ፣ ከውጭ ሲታይ የማይቀር ነው።

ፍቅራቸው ሲታወቅ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ ትከተለዋለች። ከብዙ እንግልት በኋላ ስታገኘው ወንበዴዎች ደብድበው ዘርፈውት ሊሞት ሲያጣጥር ነው፤ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ቃል ኪዳን ይገባሉ፤ በዛብህ ይሞታል። ስለዚህ ፍጻሜ በክፍል ውስጥ ውይይት ሲነሣ ሁለት ወገን ይፈጠራል። አንደኛው ወገን የፈረሰው ስለት ነው የገደለው ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ የለም፣ የገደለው ሥርዐቱ ነው፣ መንገደኛን መጠበቅ ያልቻለ፣ ሰውን በዘር የሚከፋፍል ሥርዐት ነው ይላል። ሁለቱም ከመጽሐፉ ማስረጃ ያመጣሉ። ሁለቱም ደግሞ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ የበዛብህ ሞት ያለ ማብራሪያ እንዲቆይ አይፈቅዱም። የኢዮብ ወዳጆችም እንዲሁ ነበሩ። ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በመሬት ላይ ሲቀመጡ መልካም ወዳጆች ነበሩ፤ አፋቸውን ከፍተው ምክንያቱን ማስረዳት ሲጀምሩ ወዳጅነታቸው አበቃ። በመጽሐፉ መጨረሻ፣ በምዕራፍ 42፣ እግዚአብሔር የተቆጣው በተማረረው ኢዮብ ላይ ሳይሆን እሱን ወክለው በተከራከሩት በኤልፋዝና በሁለቱ ወዳጆቹ ላይ ነው።

የልቦለዱ ተራኪ ከኤልፋዝ ወገን አልቆመም። የበዛብህን ሞት የስለት ቅጣት አድርጎ አልደመደመም፤ ስለቱንም ከንቱ ነበር ብሎ ከታሪኩ አልፋቀውም። ይህን ዝምታ የደራሲው አቋም ማጣት አድርገው የሚያዩ አሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም አድባራት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው ያደጉ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተማርከው በኢጣሊያ ዓመታትን በእስር ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ያልታሰበ ነገር ለሳቸው የመጽሐፍ ርእስ ብቻ አልነበረም። ቢሆንም የደራሲን ሕይወት ለድርሰቱ ቁልፍ ማድረግ አደገኛ ስለሆነ በዚህ ላይ ብዙ መመርኮዝ አይገባም። ይልቅስ ዝምታውን የምናነብበት የራሳችን ስልት አለን፤ እሱም የአንድምታ ትርጓሜ ነው።

የአንድምታ መምህር አንዱን ንባብ «አንድም እንዲህ ነው» ብሎ ይተረጕመዋል፤ ቀጥሎም «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም። ተርጓሚው አቋም ስለሌለው አይደለም፤ ንባቡ ከአንድ ፍቺ ይበልጣል ብሎ ስለሚያምን ነው። ድንገተኛ ክስተትን በዚህ ዐይን ብናይ በዛብህን የገደሉት ወንበዴዎች ናቸው፤ አንድም ለመሸሽ ያስገደደው የፊታውራሪው ቤት ነው፤ አንድም ያልተፈታው ስለት በልቡ የተከለበት ፍርሃት ነው፤ አንድም ሰው በማይመረምረው መግቦት ውስጥ የሆነ ነገር ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን ፍቺ ዘሎ ወደ መጨረሻው የሚሮጥ አንባቢ የአንድምታ ተማሪ አይደለም። ወንበዴዎቹን ሳያይ «የእግዜር ፈቃድ ነው» የሚል ሰው እምነቱን ሳይሆን ስንፍናውን ተናግሯል፤ መንገዱ ነገም አይጠበቅም። በሌላው በኩል ሥርዐቱን ጠርቶ ነገሩ አለቀ የሚለው አንባቢ ሰብለ ወንጌል ከቀብሩ በኋላ ለምን እንዳልተመለሰች ማስረዳት ይቸግረዋል። ሥርዐቱ የጎዳት ሰው ሁሉ አይመንንም።

ጉዱ ካሳ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። በልቦለዱ ውስጥ ልማድን በሃይማኖት ስም መጋረድን እሱን ያህል የተቃወመ የለም፤ በዚህም ምክንያት እንደ እብድ ተቆጥሯል። ሥርዐቱን ሊወቅስ የሚችል ሰው እሱ ነው፤ ሲወቅስም ኖሯል። ሆኖም የልቦለዱ መጨረሻ ላይ የምናገኘው ከበዛብህ መቃብር አጠገብ መንኩሶ ነው። አንዳንድ ሐያስያን ይህን እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል፤ ደራሲው ተራማጁን ሰው ለገዳም አሳልፎ ሰጠው ይላሉ። ጉዱ ካሳ ግን የተናገረውን አንዱንም አልሻረም። ወቀሳውን እንደያዘ ከሟቹ አጠገብ ተቀመጠ እንጂ፤ ይህም የኢዮብ ወዳጆች በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ያደረጉት ነው።

በሁለቱ ልቦለዶች መካከል ያለው ልዩነት በሁለቱ ሴቶች ልብስ ላይ ይታያል። ጦቢያም ሰብለ ወንጌልም ለመንገድ ሲሉ ያልሆኑትን መስለው ወጥተዋል። ጦቢያ በፍጻሜው የወንድ ልብሷን አውልቃ ማንነቷ ይገለጣል፤ የተለወጠው ነገር ወደ ቦታው ተመልሷልና ሠርግ ይደገሳል። ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ቆብ የደፋችው እንዳትታወቅ ነበር፤ የምትሄደውም ወደ ትዳር ነበር። በዛብህን ቀብራ ስታበቃ ቆቡን አላወለቀችውም።